ካርድ ያለቀበት ሰርቨር

በመሥሪያ ቤታችን ሰርቨሮቹን ከሚጠብቁት ሠራተኞች አንዷ ወደ ኮምፒውተር ክፍል የመጣችው ከመዝገብ ቤት ነው። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እየመዘገበች፣ ማኅደር እያወጣችና እየመለሰች ለዓመታት ሠርታለች። ዝውውሩን ስጠይቅ ቅር ያላቸው ኃላፊዎች ነበሩ። «ኮምፒውተር ሳይንስ ያልተማረ ሰው ሰርቨር ላይ እንዴት ይቀመጣል?» ነበር ክርክራቸው። እኔ ደግሞ አንድ ማኅደር እንኳን ጠፍቶባት የማያውቅ ሰው ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ዋና ጠባይ ይዛ መጥታለች ብዬ ተሟገትኩ። የቀረው በትምህርት ይመጣል። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ከዜሮ መጀመር የሚፈልጉ ሰዎች «ከየት ልጀምር?» እያሉ ሲጠይቁኝ በአንድ የወር መጨረሻ ጠዋት የሆነውን እነግራቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ልጻፈው።

ቢሮአችን በስታዲየምና በለገሃር መካከል ባለ ሕንፃ ላይ ነው፤ ሥራችንም መድኃኒት ለፋርማሲዎች ማከፋፈል። ልጅቷ ወደ እኛ ስትመጣ ከዕቃ ግምጃ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አስወጣሁላት። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም አቅቶት የተጣለ ነበር። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ዴቢያንን ጫንንበት፤ በመዳፊት የሚነካካውን ገጽታ ግን ሆን ብለን ተውነው። ስትከፍተው የሚታያት ጥቁር ማያና ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ ብቻ ነው። የፈቃድ ክፍያ እንደሌለው ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። በየሱቁ የሚጫነው ፕሮግራም ብዙው ያለ ፈቃድ የተቀዳ መሆኑን ታውቃለችና «ጋሼ፣ ይህም የተሰረቀ ነው?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደድኩት። ሪቻርድ ስቶልማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሥርዓተ ክወና ሥራ እንዳወጀ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሊኑክስን ከርነል (የሥርዓቱን እምብርት) እንደለቀቀ፣ ዴቢያንም በ1993 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች እንደሚሠራ ነገርኳት። ማንም ሰው እንዲጠቀምበት፣ ውስጡን እንዲመረምርና እንዲያሻሽለው በሕግ የተፈቀደ ነው። እንደ እኛ ላለ መሥሪያ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለፈቃድ የውጭ ምንዛሪ አይለመንለትም፤ የማንም መብት አይነካበትም።

የትእዛዞች ዝርዝር ግን አልሰጠኋትም። ብዙ ጀማሪዎች ሃምሳ ትእዛዝ በወረቀት ላይ ገልብጠው ያጠናሉ፤ ማሽኑ ያልጠበቁትን ሲመልስላቸው ግን የሚሉት ይጠፋቸዋል። የሰጠኋት በፎልደር ውስጥ ያለውን የሚዘረዝረውን «ኤልኤስ» ብቻ ነው፤ በረዥሙ እንዲዘረዝር የሚያደርገውን ምልክት ጨምሬ። አንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እስክትረዳው ድረስ ወደ ሌላ እንዳታልፍ ነገርኳት። በመስመሩ መጀመሪያ ያሉት ፊደሎች ማን ማንበብ፣ ማን መጻፍ፣ ማን ማስኬድ እንደሚችል ይናገራሉ። ቀጥሎ ወደ ፋይሉ የሚያመለክቱት ስሞች ብዛት፣ ከዚያ ባለቤቱና ቡድኑ፣ ከዚያ መጠኑ፣ ከዚያ ቀኑ፣ በመጨረሻም ስሙ ይመጣል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብለው እንደሚደመሩ በአንድ ከሰዓት ያዘችው። መጠኑ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«አንድ ፋይል ብቻ ያለበት ፎልደር 4096 ይላል። ሦስት ያለበትም 4096 ይላል። ለምን?»

ፎልደር ማለት ራሱ ፋይል መሆኑን ነገርኳት። በውስጡ ያለው የስምና የቁጥር ዝርዝር ነው። ዲስኩ ቦታ የሚሰጠው ባለ 4096 ባይት ቁራሽ እያደረገ ስለሆነ ዝርዝሩ ከአንዱ ቁራሽ እስካላለፈ ድረስ መጠኑ ያው ነው። ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር ደግሞ አይኖድ የሚባለውን ያመለክታል። የፋይሉ ባለቤት፣ ፈቃዱ፣ የተነካበት ጊዜና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የተቀመጠበት ቦታ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። ስሙ ግን እዚያ የለም።

«ጋሼ፣ ይህማ የእኛ መዝገብ ቤት ነው!» አለች። «ትልቁ መዝገብ ላይ ስምና የካርድ ቁጥር አለ። ካርዱ ላይ ማኅደሩ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣ፣ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ይጻፋል። ወረቀቱ ያለው መደርደሪያው ላይ ነው።»

ይህን ያህል የጠራ ማብራሪያ በክፍል ውስጥ ስማር አልሰማሁም። ቀጠለችና «ካርዱ ቢያልቅስ?» ብላ ጠየቀች። ዲስኩ ኤክስቲ4 በሚባለው የፋይል አደራጃጀት ሲዘጋጅ የካርዱ፣ ማለትም የአይኖዱ፣ ብዛት ያኔውኑ እንደሚወሰን፣ በተለመደው አሠራር ለየ16,384 ባይቱ አንድ እንደሚመደብ፣ ካለቀ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ቢሆንም አዲስ ማኅደር መክፈት እንደማይቻል አስረዳኋት። «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ቦታውን ብቻ ሳይሆን «አይ» የሚለው ምልክት ሲጨመርበት የካርዱንም ቁጥር እንደሚያሳይ ራሷ ከመመሪያው ገጽ አነበበች። የመመሪያ ገጾቹ በማሽኑ ውስጥ ስላሉ ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ቀናትም ትምህርቷ አልተቋረጠም። ፋይል ማረሙ፣ ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግባቱ፣ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ማቀበሉ በየተራው መጣ።

በዚያ የወር መጨረሻ እኔ አራተኛ ፎቅ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጠራ።

«ጋሼ፣ ሽያጩ ቆሟል። ምንም አልነካሁም፤ እያየሁ ነው።»

ስወርድ የሽያጭ አዳራሹ ሞልቷል። ከየፋርማሲው የመጡ ሰዎች የግዢ ጥያቄያቸውን ይዘው ቆመዋል። የሽያጭ ኃላፊው «አጥፍታችሁ አብሩት፤ ይኼኔ ያልቅ ነበር!» ይላሉ፤ ሰው በፊታቸው ተኮልኩሎ ምን ያድርጉ። ፕሮግራሙን የሸጠልን ድርጅት ባለሙያም በስልክ ሎጎቹን (ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብባቸውን ፋይሎች) በሙሉ እንድናጠፋ ይመክራል። እሷ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጽፋ ነበር፦

«2፡47 የመጀመሪያው ስሕተት። በመሣሪያው ላይ የቀረ ቦታ የለም ይላል።
ዛሬ ጠዋት ለመግባት የሞከሩ፦ አይገቡም።
ትናንት ሳይወጡ ያደሩ፦ ደረሰኝ ይቆርጣሉ።»

ሎጉ ላይ ያለው ሰዓት 05:47 ነው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ቀንሳ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሳዋለች። ይህን ማድረጓ ጠቅሞናል፤ ሠራተኞቹ «ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የቆመው» ያሉት ከሎጉ ጋር ገጠመላት።

ሦስተኛው መስመር ግን ከሁሉም ይበልጣል። ዲስኩ በእርግጥ ቢሞላ ኖሮ ትናንት የገቡትም በየተራ መቆማቸው አይቀርም ነበር። እነሱ እየሠሩ አዲስ ገቢ ብቻ የሚከለከል ከሆነ፣ ያለ ፋይል ላይ መጻፍ ይቻላል፣ አዲስ ፋይል መክፈት ግን አይቻልም ማለት ነው። አንድ ሰው ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ በስሙ ትንሽ የክፍለ ጊዜ ፋይል ይከፈታል፤ ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ይህን አስባ የደረሰችበት ራሷ ናት። እኔ ከጎኗ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እጄን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው አልሰደድኩም።

«ዲኤፍ» አለች። ፕሮግራሙ ያለበት ባለ 20 ጊጋባይቱ የዲስክ ክፍልፋይ 62 በመቶ ብቻ ተይዟል። ኃላፊው ከኋላችን ሆነው «ይኸው ቦታ አለ አይደል?» አሉ። እሷም ዝም ብላ ያንኑ ትእዛዝ በ«አይ» ምልክት ደገመችው። ጠቅላላ 1,310,720፣ ቀሪ 0፣ የተያዘው 100 በመቶ።

«ካርድ አልቋል» አለች፤ ከእኔ በቀር የገባው ሰው አልነበረም።

ባለሙያው እንዳለው ሎጎቹን ብናጠፋ ጥቂት ትላልቅ ፋይሎች ስለሆኑ የሚለቁት ካርድ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ የጥፋቱን ዱካ ግን አብረን እናጠፋው ነበር። አጥፍቶ ማብራትም ካርድ አይጨምርም። እንዲያውም እየሠሩ ያሉትን ሠራተኞች አቋርጠን ጠቅላላ ሽያጩን እንዘጋው ነበር። ብዙ ሰርቨር የሚበላሸው እንዲህ ያለ ጥድፊያ ሲነግሥ ነው፤ ሰው በተሰለፈ ቁጥር ጣት ወደ ማጥፊያው ይሄዳል።

ካርዱን ማን እንደጨረሰው ለማወቅ «ዲዩ» የተባለውን ትእዛዝ በባይት ሳይሆን በአይኖድ እንዲቆጥር አደረገችውና ከላይ ወደ ታች ወረደች። አንድ ፎልደር ላይ ሲደርስ ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለ። የፎልደሩን የራሱን መስመር በ«ኤልኤስ» አወጣችው። 4096 ይጻፍበት በነበረው ቦታ ላይ ስምንት አኃዝ ያለው ቁጥር ተደርድሯል፤ ከ50 ሚሊዮን ባይት በላይ! የስም ዝርዝሩ ብቻውን ማለት ነው። ጣቷን ማያው ላይ አድርጋ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረችው።

ፎልደሩ የክፍለ ጊዜ ፋይሎቹ ማከማቻ ነበር። በስልክ ያለው ባለሙያ አሁን «ሁሉንም በኮከብ አጥፉት» አለ፤ የኮከብ ምልክት በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ይወክላል። እሷ ግን በሁለት ምክንያት እንቢ አለች። አንደኛ፣ ኮከቡ ወደ ሚሊዮን ስም ሲዘረዘር ከርነሉ ለአንድ ትእዛዝ ከሚፈቅደው ርዝመት ስለሚያልፍ ማሽኑ ራሱ ይመልሰዋል። ሁለተኛ፣ ቢሳካም እንኳን አሁን እየሸጡ ያሉት ሠራተኞች ፋይል አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ፋይንድ» በሚባለው ትእዛዝ ከአንድ ቀን ወዲህ ያልተነኩትን ብቻ ለየች። መጀመሪያ አስቆጠረቻቸው፤ ከዚያ የተወሰኑትን ስማቸውንና ቀናቸውን አየች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረችና «ጋሼ፣ ላጥፋ?» አለች። አጥፊ አልኳት።

ቀሪው ቁጥር ከዜሮ ተነሥቶ ሽቅብ ሲሮጥ እያየነው ከአዳራሹ «ገባ! ገባ!» የሚል ድምፅ መጣ።

መንስኤውን ያገኘነው ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ሲተከል አብሮ የመጣ መቆጣጠሪያ አለ፤ ድረ ገጹ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ በየደቂቃው የመግቢያ ገጹን ይከፍታል። ቀድሞ እንደመጣ የሚናገር ምልክት ስለማይዝ ፕሮግራሙ በየጊዜው አዲስ እንግዳ ነው ብሎ አዲስ ፋይል ይከፍትለታል። በቀን 1,440፣ በዓመት 525,600 ይሆናል። ከሁለት ዓመት በላይ ሲጠራቀም ባለ 1.3 ሚሊዮን ካርዱን ክፍልፋይ ጨረሰው። ዴቢያን አሮጌ የክፍለ ጊዜ ፋይሎችን በየጊዜው የሚጠርግ አሠራር አለው፤ ግን የሚጠርገው በማዋቀሪያ ፋይሉ ላይ የተጻፈለትን ቦታ ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ማከማቻውን በራሳቸው ኮድ ውስጥ ወደ ሌላ ፎልደር አዛውረውት ስለነበር ጠራጊው አያውቀውም።

መቆጣጠሪያውን ፋይል ወደማይከፍት ተራ ገጽ አዞርነው። ለዚያ ፎልደር የራሱን ጠራጊ ሠራን፤ የማስጠንቀቂያ ደወላችንም ከዲስኩ ቦታ ጋር የአይኖዱን ቁጥር እንዲያይ፣ 80 በመቶ ሲደርስ እንዲጮኽ አደረግነው። ፋይሎቹ ጠፍተው የፎልደሩ መጠን አለመቀነሱን ያስተዋለችውም እሷ ናት። ኤክስቲ4 አንዴ ያደገን የስም ዝርዝር መልሶ አያሳጥርም። ማታ ሽያጭ ሲዘጋ አገልግሎቱን አቆመች፤ አዲስ ፎልደር ሠርታ ባለቤቱንና ፈቃዱን እንደ አሮጌው አድርጋ ተካችው።

በማግስቱ ሌሎቹን ሰርቨሮች በዚያው ዓይን አየናቸው። አንደኛው ላይ አይኖዱ 71 በመቶ ደርሶ ስላገኘነው ሳይደርስብን አጸዳነው። በዚያው ሰሞን ለደብዳቤ (ለኢሜይል) ሰርቨሩ አዲስ ዲስክ ተገዝቶ ነበር። ደብዳቤ ማለት እልፍ አእላፍ ትንንሽ ፋይል ነው። ዲስኩ እንደ ልማዳችን በኤክስቲ4 ሊዘጋጅ ሲል በጽሑፍ ተቃወመች፦ ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላው የፋይል አደራጃጀት አይኖድን እንደ አስፈላጊነቱ እየፈጠረ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ እሱ ይሻላል፤ ኤክስቲ4 የግድ ከሆነም የካርዱ ብዛት ከመጀመሪያው ከፍ ተደርጎ ይወሰን፤ በኋላ ያለ ዳግም ዝግጅት አይለወጥምና። ሐሳቧን ተቀብለን ዲስኩን በኤክስኤፍኤስ አዘጋጀነው።