የቅዳሜን ሰዓት ማን ይቆርጣል?

ልጄ ኖርዝ ካሮላይና ቡን ከተማ በሚገኘው አፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በማርሽ ባንዱ ውስጥ ትሮምቦን ትነፋለች። እኔ ሻርሎት ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። የእኔ ሺፍት ከወር በፊት ተለጥፎ ያልቃል። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ቀኑም ተጋጣሚውም ከወራት በፊት ይታወቃል፤ ሰዓቱ ጋ ስትደርሱ ግን «ወደፊት ይገለጻል» ይላል። ቡን ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስነዳ ተራራ ላይ ያለ ከተማ ነው። ጨዋታው እኩለ ቀን ከሆነ ከዓርብ ሌሊት ሥራ ወጥቼ ሳልተኛ መንዳት አለብኝ። ማታ ከሆነ ደግሞ የእሑድ ጠዋቱን ሺፍት የሚቀይረኝ ሰው ከወዲሁ መለመን ይኖርብኛል። ልጆቻቸው የሚጫወቱ፣ ባንድ ውስጥ ያሉ፣ ቺርሊደር የሆኑ ወላጆች ሁሉ በየሳምንቱ የሚገጥማቸው ነገር ነውና በደንብ ላስረዳ።

ሰዓቱን የሚቆርጠው ቴሌቪዥኑ ነው። ዩኒቨርሲቲው አይደለም፣ አሠልጣኙም አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በኮንፈረንስ ይደራጃሉ፤ ኮንፈረንሱ የሁሉንም የስርጭት መብት አንድ ላይ ይሸጣል። የገዛው ጣቢያ የትኛውን ጨዋታ በየትኛው ሰዓት እንደሚያሳይ የመምረጥ መብትም አብሮ ይገዛል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚውሉት ጨዋታዎች ሰዓት ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ይነገራል። የቀረው እንደተለመደው 12 ቀን ሲቀር ይመረጣል፤ ጣቢያው ውሳኔው ከከበደው ደግሞ እስከ 6 ቀን ድረስ ማቆየት ይችላል። ለምን ቢባል፣ ማን አሸንፎ ማን እንደተሸነፈ አይቶ ትልቁን ጨዋታ ለትልቁ ሰዓት ለማስቀመጥ ነው። ከትልልቆቹ ኮንፈረንሶች አንዱ በሆነው ቢግ ቴን ውስጥ ፎክስ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ የሚባሉት ጣቢያዎች ጨዋታዎቹን ተራ በተራ ይመርጣሉ፦ ፎክስ እኩለ ቀንን፣ ሲቢኤስ ከቀትር በኋላ 3፡30ን፣ ኤንቢሲ ምሽቱን ይዘዋል (ሁሉም በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ነው)። ከ2023 የጀመረው ይህ ውል ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። የእኛ ኮንፈረንስ ሰን ቤልት ነው፤ ውሉም ኢኤስፒኤን ከሚባለው የስፖርት ጣቢያ ጋር። በብሩ መጠን ከቢግ ቴን ጋር አይወዳደርም፤ የሰዓት አመራረጡ ግን ያው ነው።

እንዲህ ያልነበረበት ዘመን ነበር። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ቴሌቪዥኑን የያዘው የዩኒቨርሲቲዎቹ የስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ነበር። ሰው ቤቱ ሆኖ ካየ ስታዲየም ባዶ ይቀራል ብለው ፈሩና የሚታየውን ጨዋታ ቆጥበው መስጠት ጀመሩ። ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1951 በሜዳዬ የማደርገውን ሁሉ አሳያለሁ ብሎ ቢነሳ ከማኅበሩ ሊያገሉት ሲሉ ተመለሰ። በ1982 በተጀመረው ውል ኤቢሲና ሲቢኤስ እያንዳንዳቸው ለ4 ዓመት 131,750,000 ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ አንድ ቡድን ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከ6 ጊዜ በላይ መታየት አይችልም ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 1984 7 ለ 2 ፈረደላቸው፤ የኤንሲኤኤ ቁጥጥር የፀረ ሞኖፖል ሕግን የጣሰ ነው ተባለ። ከተቃወሙት ከሁለቱ ዳኞች አንዱ ባይረን ዋይት በወጣትነቱ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ተጫዋች የነበረ ሰው ነው።

የፍርዱን ጽሑፍ ሳነብ ያልጠበቅኩትን ስም አገኘሁ፦ አፓላቺያን ስቴት። በ1981 ኦክላሆማና ዩኤስሲ (የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ሲጫወቱ 200 የሚሆኑ ጣቢያዎች አሳዩት። ሲታዴልና አፓላቺያን ስቴት ሲጫወቱ ያሳዩት አራት ጣቢያዎች ናቸው። አራቱም ትምህርት ቤቶች እኩል ገንዘብ ተከፈላቸው! ለትልልቆቹ ይህ ዋናው የብሶት ማስረጃ ሆነ። እኔ ግን ያኔ ቡን ላይ ያ ገንዘብ ምን ያህል ነገር ሠርቶ እንደሆን ነው ያሰብኩት። ከፍርዱ በኋላ የሚታየው ጨዋታ በዛ፣ የአንዱ ጨዋታ ዋጋ መጀመሪያ ላይ ወረደ፣ ኋላ ግን ሰማይ ነካ። ከዚያም ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ትልልቆቹ ሜዳ ሄደው በክፍያ የሚጫወቱበት ነገር ተለመደ። ሚሺጋን በ2007 አፓላቺያን ስቴትን 400,000 ዶላር ከፍሎ ጋበዘ። ሴፕቴምበር 1 ቀን የእኛዎቹ 34 ለ 32 አሸንፈው ተመለሱ። ጨዋታው የታየው በዚያው ሳምንት ሥራ በጀመረው ቢግ ቴን ኔትወርክ ነበር፤ ቻናሉ ገና ያልገባላቸው ብዙ ቤቶች ስለነበሩ በቀጥታ ያላየው ሰው ብዙ ነው። ቡን ውስጥ ግን ዛሬም የዚያን ቀን ውጤት የማይነግራችሁ ሰው አታገኙም።

አንዳንዴ ረቡዕ ማታ የሚደረገው ጨዋታ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ1961 በወጣው የስፖርት ስርጭት ሕግ ምክንያት የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ዓርብ ማታና ቅዳሜን ለትምህርት ቤቶች ይለቃል። ኤንኤፍኤል ደግሞ እሑድን፣ ሰኞንና ሐሙስን ይዟል። ባዶ የቀሩት ማክሰኞና ረቡዕ ናቸው፤ እዚያ የሚገቡት ቅዳሜ ማንም የማያያቸው ኮንፈረንሶች ናቸው። ሚድ አሜሪካን በኖቬምበር፣ ሰን ቤልት በኦክቶበር። ጥቅም የለውም አልልም። ኦክቶበር 20 ቀን 2021 ረቡዕ ማታ አፓላቺያን ስቴት በሜዳው ኮስታል ካሮላይናን በመጨረሻዋ ሰከንድ በተመታ ፊልድ ጎል (ኳሷን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መሃል በማሳለፍ) 30 ለ 27 ሲረታ መላ አሜሪካ አየው። ያ ጨዋታ ቅዳሜ ቢሆን ከሌላው ግርግር ጋር ተደባልቆ ይቀር ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ጠዋት ፈተና ያለባቸው ልጆች ናቸው እኮ ሜዳው ላይ ያሉት። ባንዱም ዕቃውን ሰብስቦ ዶርም የሚገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ከሻርሎት የመጣ ወላጅም ተራራውን በጨለማ ይወርዳል።

ስታዲየም ውስጥ ስትሆኑ የቴሌቪዥኑ እጅ በዓይን ይታያል። በመስመሩ ዳር ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው አለ። እሱ ወደ ሜዳው ገባ ካለ ማስታወቂያ ላይ ነን ማለት ነው። ዳኛው ኳሷን አጠገቡ አስቀምጦ ቆሞ ይጠብቃል። ተጫዋቾቹ እየዘለሉ እግራቸውን ያሟሙቃሉ፣ በቡን ብርድ አፋቸው ይጨሳል። ሰውየው ከሜዳው እስኪወጣ ድረስ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። በዚያ ሁሉ ክፍተት ሕዝቡን ይዞ የሚቆየው ባንዱ ነው፤ ልጄ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጣቷ ቀዝቅዞ ትነፋለች።

የእረፍቱ 20 ደቂቃ ሲመጣ ባንዱ ወደ ሜዳው ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ የተለማመዱት ለዚያች ጊዜ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን በዚያን ሰዓት ስቱዲዮ ገብቶ የሌሎች ጨዋታዎችን ውጤት ያወራል። ቤቴ ቁጭ ብዬ ብከታተል ልጄን አላያትም። «በቲቪ እዪው፣ ምን አደከመሽ» ለሚሉኝ ወዳጆቼ የምመልሰው ይህንኑ ነው፦ እኔ የምፈልገው ቲቪው ላይ የለም፣ ስለዚህ ሰዓቱን በጊዜ ማወቅ አለብኝ።

ማድረግም ይቻላል። ኤስኢሲ የሚባለው ትልቅ ኮንፈረንስ ከ2024 ጀምሮ ውድድሩ ሳይጀመር የእያንዳንዱን ጨዋታ ክፍለ ጊዜ ይነግራል፦ ይኼኛው እኩለ ቀን አካባቢ፣ ያኛው ከቀትር በኋላ፣ ሌላው ማታ። ጥቂቶቹን ብቻ ከቀትር በኋላ ወይም ማታ ብሎ ክፍት ይተዋቸዋል። ትክክለኛዋ ሰዓት ኋላ ብትነገርም ሰው ሺፍቱን ያስተካክላል፣ ሆቴሉን ይይዛል። ያን ያህል ገንዘብ ያለበት ኮንፈረንስ ከኢኤስፒኤን ጋር ይህን ከተስማማ፣ ያው ኢኤስፒኤን ለሰን ቤልት ወላጆች የማያደርግበት ምክንያት አይታየኝም። ሁሉንም ጨዋታ አልጠይቅም። በየሜዳችን የሚደረጉት የቅዳሜ ጨዋታዎች ቀን ይሁኑ ማታ በኦገስት ይነገረን፣ የ6 ቀኑም ማቆያ ይቅር። ይህን ለዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍልም ለኮንፈረንሱም ጽፌያለሁ። እናንተም ልጅ ያላችሁ ጻፉላቸው፤ ቀጣዩ ውል ሳይፈረም ነው መስማት ያለባቸው።