የሰርግ ጠርሙስና የማስያዣ ብር ጣጣ

እዚህ ጅማ እህቴን ስንድር የመጠጡ ነገር እኔ ላይ ወደቀ። ማዘዙና ማስጫኑ ምንም አላስቸገረኝም፣ ለስላሳ፣ ቢራና አምቦ ውሃ ከአንድ አከፋፋይ በሳጥን ወሰድን፣ የጠርሙሱንም የሳጥኑንም ማስያዣ ከፈልን፣ ሰርጉም በሰላም አለቀ።

ጉዱ የመጣው ባዶውን ስመልስ ነው። ስቶር ኪፐሩ ከየሳጥኑ 24ቱንም ጠርሙስ አንድ በአንድ እያነሳ አፉን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ሸረፍ ያለች ካገኘ ወደ ጎን ያደርጋታል። እሱን አልከራከርም፣ አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ ላይ ቆርኪ በደንብ አይገጥምም። ግን ቆጥሮ ጨርሶ፣ ባዶውን ግቢ አስገብቶ፣ በቃ ብሬን ስጠኝ ስለው "እህቴ እኛ ካሽ አንመልስም፣ በሙሉ ነው የምንቀይረው፣ ሌላ መጠጥ ውሰጂ" አይለኝ መሰላችሁ! እንግዳው ሁሉ ተበትኖ እኔ ያን ሁሉ ለስላሳ ምን ላደርገው ነው? ደረሰኙን ሳሳየው አለቃው ይምጣ አለ፣ አለቃው ሲመጣ ሂሳብ ክፍል ጠይቂ አለ፣ ሂሳብ ክፍሏ ደግሞ ሲስተም የለም ትላለች፣ ብር ሲቀበሉኝ የነበረው ሲስተም የት ሄደ? አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መላውን የነገሩኝ ሰፈራችን ቆጪ ግሮሰሪ ያላቸው ጋሼ ናቸው። "ልጄ፣ ሰውየው እኮ ከብሩ ይልቅ ጠርሙሱን ነው የሚፈልገው፣ ባዶ ካልጫነ ሙሉ አያመጣም" አሉኝ። እውነትም መኪናው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ባዶውን ይዞ ነው የሚመለሰው፣ ፋብሪካው አጥቦ ደግሞ ይሞላዋል። በማግስቱ ፒካፕ ተከራይቼ ሄድኩና ወይ ብሬን ወይ ጠርሙሴን ብዬ ሳጥኑን መጫን ስጀምር ሲስተሙ ወዲያው መጣ። በራሴ በጣም ነው የኮራሁት።

ስለዚህ ባዶውን ግቢ ሳታስገቡ ብሩን ተቀበሉ። ደረሰኙ ላይ የጠርሙሱና የሳጥኑ ብዛት ለየብቻ ይጻፍ፣ "በካሽ ይመለሳል" የሚልም ይግባበት። አጥባችሁ አምጡ ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፣ ፋብሪካው በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ ያጥበዋል፣ እናንተ ስትፈትጉት አፉን ከመሸረፍ ውጪ የምትፈይዱት የለም፣ ስትሮውንና የሲጋራ ቁራጩን ማውጣት ይበቃል። የኮካውን ጠርሙስ የፔፕሲ ሳጥን ውስጥ አትክተቱ። ለቆራሌውም እንዳትሸጡት።

የሚያበሽቀኝ ሌላ ነገር አለ። ከሰርጉ በኋላ አንድ የቢራ ጠርሙስ ወድቆ አላየሁም፣ የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ለቅመው አምጥተውልኛል፣ ሃይላንዱ ግን በየጥጉ ተበትኖ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቀጥታ አዌቱ ወንዝ ነው የሚገባው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የመስታወት ጠርሙስና የቆርቆሮ ጣሳ አምራችና አስመጪ ማስያዣ ተቀብሎ የሚመልስበት አሰራር እንዲዘረጋ አዞ ነበር፣ እኔ ግን ለጣሳ ማስያዣ ከፍዬ አላውቅም፣ ሃይላንድማ እዛ አንቀጽ ውስጥም አልነበረበትም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አንዴ ተጠጥቶ ለሚጣል ጠርሙስና ጣሳ 25 የዩሮ ሳንቲም ያስይዛሉ። እዚህም በአንድ ሃይላንድ ሁለት ብርም ትሁን ትያዝ፣ ግን ሱቁ በካሽ ይመልስ፣ ሌላ ውሃ ውሰዱ የሚባል ከሆነ ማንም ለቅሞ አያመጣውም።