ለሸክላ ማጫወቻ መደርደሪያ፦ አንድ ቱቦላሬ፣ ትንሽ አሸዋና ማስመሪያ

ሸክላ ማጫወቻ ሥራው ንዝረትን ወደ ድምፅ መለወጥ ነው። መርፌው ደግሞ ሸክላው ያንቀጠቀጠውንና ወለሉ ያንቀጠቀጠውን አይለይም፤ ሁለቱንም ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ስለዚህ ንዝረትን ለመከላከል የምታወጡት ብር ካለ መርፌው ወዳለበት ይሂድ። ትራንዚስተር አምፕሊፋየርና ሲዲ ማጫወቻ የሚፈልጉት የማይነቃነቅ ደርብና አየር ነው፤ ከአምፕሊፋየሩ ክዳን በላይ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ተዉ። ለሲዲ ማጫወቻ ውድ እግር መግዛት ግን ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ያላችሁ ቱቦውን በእርሳስ ጫፍ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ንኩት። በስፒከሩ ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ እሱም ከንዝረት ሊጠበቅ ይገባል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ሸክላው ቆሞ መርፌውን አስቀምጡበት፣ ድምፁን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ዘወትር እስከምትሰሙበት ድረስ ጨምሩ። ከዚያ መደርደሪያውን በጣት አንጓ መታ መታ አድርጉ፤ አንድ ሰው ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ይራመድ። ድፍ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ደህና ነው። እየተጎተተ የሚያስተጋባ ከሆነ ደርቡ ራሱ እየጮኸ ነው። «ኡኡኡ» እያለ እየጨመረ ከመጣ ፊድባክ ነው፣ የስፒከሩ ድምፅ ወደ መርፌው እየተመለሰ ይጎላል ማለት ነው፤ ቶሎ ድምፁን ቀንሱ፣ ዉፈሩን (ቤዝ የሚያወጣውን የስፒከር ክፍል) ሊያቃጥል ይችላል። ፊድባክ ከሆነ የመጀመሪያው መፍትሔ ሳንቲም አያስወጣም፦ ስፒከሮቹ ማጫወቻው ካለበት መደርደሪያ ይውረዱ። ስፒከርና መርፌ አንድ ጣውላ ላይ እስካሉ ድረስ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ አይጠቅምም። ለትንንሽ ስፒከሮች አንድ ብሎኬት አጋድማችሁ፣ ሌላውን በላዩ ብታቆሙበት 60 ሳንቲ ሜትር ቁመት ታገኛላችሁ።

ንዝረቱ በየት እንደሚመጣ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወለሉ ኮንክሪት ስለሆነ እርምጃ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው የራሱ የስፒከሩ ቤዝ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ጣውላ ወለል ያለው የድሮ ቤት ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰው ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይዋዥቃል፣ መርፌውም ይዘላል። እዚህ ቤት መደርደሪያው የቱንም ያህል ቢከብድ ከወለሉ ጋር አብሮ ይወዛወዛልና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል መደርደሪያ ይሻላል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ፊሸሩ (ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) የብሎኬቱ ክፍተት ላይ ካረፈ እየዞረ አይጨብጥም፤ የኮንክሪት ኮለኑን ፈልጋችሁ እዚያ ምቱ። ጭቃ ቤት ከሆነ ጭቃው ራሱ ምንም አይሸከም፣ ቋሚውን እንጨት በሚስማር ፈትሻችሁ ካገኛችሁ በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ብሎን ወደ እሱ አስገቡ።

ወለሉ ኮንክሪት ለሆነ ቤት ባለ ሁለት ደርብ መደርደሪያ ከአንድ ቱቦላሬ ይወጣል። 30 በ30 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ግዙ። አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ 4 እግር በ60፣ 4 ቁራጭ በ49፣ 4 ቁራጭ በ36 ሳንቲ ሜትር። ድምሩ 5 ሜትር ከ80 ነው፤ ዲስኩ የሚበላውን ጨምሮ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። አግዳሚዎቹ ከእግሮቹ ጎን ስለሚበየዱ የውጪው ስፋት 55 በ42 ይሆናል። እንደ ቴክኒክስ 1200 ያለ 45 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማጫወቻ በደንብ ይቀመጥበታል። ክዳኑ ሲከፈት ወደ ኋላ ስለሚወጣ ከግድግዳው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት።

በያጁ አንዱን ጥግ ሙሉ ለሙሉ በይዶ ወደ ሌላው ከሄደ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይጎትተውና ፍሬሙ ይጣመማል። በመጀመሪያ 16ቱም መጋጠሚያ በነጥብ ብቻ ይያዝ። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለኩ፤ ሁለቱም አቅጣጫ 69.2 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። ከ2 ሚሊ በላይ ከተለያየ ሙሉ ብየዳው ሳይጀመር ይቃና።

ለእግሩ 3 በ3 ሳንቲ ሜትር ላሜራ ከታች ይዘጋበት፣ በላሜራው ሥር ባለ 10 ሚሊ ሁለት ዳዶ ተደራርቦ ይበየድ። ዳዶዎቹ ሲበየዱ ግራሶ የተቀባ ብሎን ውስጣቸው ይኑር፤ አለበለዚያ ጥርሳቸው አይገጥምና ብሎኑ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይነክሳል። በጠቅላላው 40 ሚሊ ርዝመት ያላቸው 4 ብሎኖችና 12 ዳዶ ያስፈልጋሉ፤ ሦስተኛው ዳዶ ማጥበቂያ ነው። ብሎኑን በ17 ቁልፍ አንድ ዙር ስታዞሩት መደርደሪያው 1.5 ሚሊ ይነሳል ወይም ይወርዳል።

ባዶ ቱቦላሬ በማንኪያ ሲመታ እንደ ደወል ይጮሃል። መድኃኒቱ ደረቅ አሸዋ ነው። እግሮቹ ውስጣቸው እስከ ታችኛው ላሜራ ድረስ ክፍት ስለሆነ ከላይ ይሞላሉ፤ ለአራቱም 3 ኪሎ አይሞላም። አሸዋው በወንፊት ይነፋ፣ እንደ ቆሎ በብረት ምጣድ ይታመስ፣ በደንብ ይቀዝቅዝ። እርጥብ ከገባ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ጠቅጥቃችሁ አታጭቁት፤ ንዝረቱን የሚበላው የአሸዋው ቅንጣት እርስ በርሱ ሲፋተግ ነውና 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከላይ ይጉደል። ብየዳው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክፍተት ካለች አሸዋው ሌሊቱን ወለል ላይ ሲፈስ ያድራል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ የታችኛውን ጠርዝ በሲሊኮን ዝጉ። ሞልታችሁ በማንኪያ ስትመቱት ጥንን ማለቱ ቀርቶ ድፍ ይላል።

ለላይኛው ደርብ 18 ሚሊ የሆነ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ሁለት እጥፍ አድርጉ፤ ለታችኛው አንዱ ይበቃል። ሁለቱን ጣውላዎች በጠንካራ ኮላ አታጣብቋቸው። በመሃላቸው ሲሊኮን በመስመር በመስመር አድርጉና ክብደት ጭናችሁ አሳድሩት፤ ለስላሳው ንብርብር ንዝረቱን ይውጠዋል። ጠርዙን ቀለም ቀቡት፣ ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ከእብነ በረድ ቤት የሚገኝ ቁራጭ ብዙ ሰው ያምረዋል። በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 12 ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል፣ ግን ብቻውን ይጮሃል፤ ከፈለጋችሁት ከኤምዲኤፉ በላይ ይሁን።

አሁን ወደ ማስመሪያው። ጎማም ይሁን ስፕሪንግ ንዝረት መከልከሉ የሚታወቀው በዋጋው አይደለም፣ ማጫወቻው ሲጫንበት ስንት ሚሊ እንደሰመጠ ነው። 15.8ን ለሰመጠው ሚሊ ስኩዌር ሩት አካፍሉ፣ ራሱ የሚወዛወዝበትን ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ታገኛላችሁ። 1 ሚሊ ከሰመጠ 16 ሄርዝ፣ 4 ሚሊ ከሰመጠ 8፣ 10 ሚሊ ከሰመጠ 5 ይሆናል። መከልከል የሚጀምረው ከዚያ ቁጥር 1.4 እጥፍ በላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንዳለ ያልፋል፣ ቁጥሩ ላይ ያለው ደግሞ ይጎላል። የማጫወቻው ክንድና ካርትሪጅ (መርፌውን የያዘው ክፍል) በተለመደው አገጣጠም ራሳቸው ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ላይ ይወዛወዛሉ። እንግዲህ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ብቻ የሚሰምጥ ለስላሳ ጎማ ማጫወቻው ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ ያጎላበታል ማለት ነው፣ ያለ ጎማ ቢቀመጥ ይሻላል። ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ስፖንጅ ሌላም ችግር አለው። በሳምንታት ውስጥ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ብዙ የሰመጠ ይመስላል እንጂ ክብደቱ ሲነሳ አይመለስም። ያ መስመጥ አይቆጠርም።

ለ10 ሚሊ የሚሆን ስፕሪንግ ለመምረጥ ሒሳቡ ቀላል ነው። ማጫወቻው 12፣ ድርብ ጣውላው 6፣ በድምሩ 18 ኪሎ ቢሆን ለእያንዳንዱ ጥግ 4 ኪሎ ተኩል ይደርሳል። ጀሪካን ውስጥ 4 ሊትር ተኩል ውሃ ቀድታችሁ ስፕሪንጉ ላይ ጫኑ። 10 ሚሊ ከወረደ ይሆናል፤ 3 ከወረደ ተዉት፤ ጥምዝምዙ እርስ በርሱ ከተነካካ ደግሞ ለክብደቱ አቅም የለውም። ቁመቱ ከስፋቱ በጣም ከበለጠ ወደ ጎን ይዘማል። ማጫወቻው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ስፕሪንጎቹን ወደከበደው ወገን አስጠጉ።

ከዚህም የሚረክሰው የልጆች ሳይክል ባለ 12 ኢንች የውስጥ ጎማ ነው፤ ክቡ ማጫወቻው ሥር ልክ ይገባል። በሁለት ጣውላ መሃል አድርጋችሁ፣ ማጫወቻው ላዩ ላይ እንዳለ የላይኛው ጣውላ ከታችኛው 2 ሳንቲ ሜትር እስኪነሳ ብቻ ንፉት። ጥሩ እንዲሆን ብሎ ማጠንከር የተለመደ ስህተት ነው፣ የጠነከረ ጎማ እንደ ድንጋይ ያሳልፋል። መንፊያው ወደ ፊት ይዙር፣ በየሳምንቱ ትንሽ አየር ይፈልጋልና። በሚዋዥቅ ጣውላ ወለል ላይ ግን አትጠቀሙበት፤ ሁሉ ነገር እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። እንደ ቶረንስ 160 ከውስጡ በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ማጫወቻም ተጨማሪ ስፕሪንግ ከሥሩ አይፈልግም። ለእሱ ቀላልና ደረቅ የግድግዳ መደርደሪያ ይበቃዋል።

ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ያላችሁ፣ 220ን ወደ 110 የሚቀንሰውን ትራንስፎርመር መደርደሪያው ላይ አታስቀምጡ። ከካርትሪጁ ቢያንስ አንድ ሜትር ካልራቀ እምምም የሚል ድምፅ ይገባል፣ ይህን ደግሞ ስፕሪንግ አያስቆመውም። ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራት መስመሩ የሚወስድ ዓይነት ከሆነ በ60 ፈንታ 50 ሄርዝ ስለሚያገኝ 33⅓ የነበረው ወደ 27.8 ይወርዳል፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ይህን አያስተካክልም። የድሮዎቹ የሸክላ አሳታሚዎች የአምሃ ሬከርድስና የካይፋ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ድምፃቸው ወፍሮ ከተሰማችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ውጭ አገር ያላችሁ በያጅ ከምትፈልጉ የኢኬያ ላክ ጠረጴዛ አለላችሁ፤ 55 በ55፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር፣ 25 ኪሎ ይሸከማል። ውስጡ ወረቀት ስለሆነ መሃሉ ላይ ብሎን አይዝም፣ እግሮቹም ሲላሉ ጠበቅ ማድረግ ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ውሃ ልኩን ሸክላው የሚዞርበት ሰሃን ላይ አድርጋችሁ እግሮቹን አስተካክሉ፤ መደርደሪያው ልክ ቢሆንም ማጫወቻው ልክ ላይሆን ይችላል። ከዚያ ፋይፎክስ የሚባለውን የጀርመኑ የአኸን ዩኒቨርሲቲ ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ስልኩን ጣውላው ላይ አስቀምጡና መታ አድርጉት። የመወዛወዙን ሄርዝ በግራፍ ያሳያችኋል፤ ጎማ ከማስመሪያው ሒሳብ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። 8 እና 12 መሃል ከወደቀ ስፕሪንጉን ለስለስ ባለ ቀይሩ ወይም ጣውላው ላይ ክብደት ጨምሩ። ከሳምንት በኋላ ውሃ ልኩን እንደገና ያዙ፣ ጎማና ሲሊኮን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይወርዳሉ።