የፋብሪካ ልጆች

ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ከማንቸስተር ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኦልድ ትራፎርድ ስታዲየም ነው። አይቼዋለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ያምራል። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ቤት ነው። ከተማው መሀል፣ ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ፣ መስታወት የለበሰ ረጅም ሕንፃ አለ፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም። የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብም የሚጠበቀው እዚያው ነው። ልጄ ሥራ ነበረበትና በር ላይ አድርሶኝ «እማዬ፣ አንድ ሰዓት ይበቃሻል አይደል?» ብሎኝ ሄደ። ሊወስደኝ ሲመጣ ገና አልጨረስኩም ነበር።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ድሬዳዋ ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። የፋብሪካውን የእግር ኳስ ክለብ እስኪሞት ድረስ «ኮተን» ነው የሚለው፤ እኛም ልጆቹ እንዲሁ። ቤታችን ውስጥ ኮተን ሲሸነፍ እራት ላይ ወሬ አይኖርም፤ ሲያሸንፍ ጣፋጩ ሙሸበክ ተገዝቶ ይመጣል። ሴት ልጅ መሆኔ ለአባቴ ምንም አልነበረም፤ እጄን ይዞ ስታዲየም ያስገባኛል። አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያችን ሌላ ሴት አላይም ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተካሄደ። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ስለተመደበ ለድሬ የደረሷት ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር ናቸው። ዛየር፣ የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የዓለም ዋንጫ የተጫወተ ቡድን። እኛ ፊት ናይጄሪያ 4 ለ 2 አሸነፈችው። እኔ ልጅ ነኝ፤ ሻምፒዮን ይሸነፋል ብዬ አላስብም ነበርና ደንግጬ አባቴን ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ደግሞ በደስታ ያጨበጭባል፤ ለማንም አይደለም፣ ለኳሱ ነው የሚያጨበጭበው። ሞሮኮዎች ከሱዳን 2 ለ 2 ወጡ፣ ዛየርን 1 ለ 0፣ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸነፉ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ወጥተው ዋንጫውን ወሰዱ። አምበላቸው አሕመድ ፋራስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ማረፉን የሰማሁ ቀን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምን ሆንሽ አለኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳ? የአፍሪካ ኮከብ ተብሎ የተመረጠ ሰው የኛን ሣር ረግጧል፤ በኛ ፀሐይ ላብ አልቦታል።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ሙዚየሙ የገባሁት።

ኳሶቹንና ማሊያዎቹን እያየሁ አለፍኩ። ከዚያ ከነሐስ የተሠራ የሴት ሐውልት ፊት ደረስኩ፤ ሊሊ ፓር ትባላለች። የክብር መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር ከቦቢ ቻርልተን፣ ከጆርጅ ቤስትና ከቦቢ ሙር ጋር አብራ የገባች፣ ከሴት ብቸኛዋ። ታሪኳን ቆሜ አነበብኩት። ፕሬስተን የሚባል ከተማ ውስጥ ዲክ ከር የሚሉት ፋብሪካ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥይት ይሠራል። ወንዶቹ ሲዘምቱ ሴቶቹ ማሽኑ ላይ ገቡ፣ በእረፍት ሰዓታቸው ኳስ መምታት ጀመሩ፣ ቆይቶ ቡድን ሆኑ። ሊሊ ፓር ከጦርነቱ በኋላ የተቀላቀለቻቸው የግራ ክንፍ ተጫዋች ናት፤ ገና 14 ዓመቷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በገና ማግስት ሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ ላይ ሲጫወቱ 53,000 ሰው ገባ። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴት አይገባም ብሎ ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ከለከለ። ክልከላው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። ሐውልቱ የቆመላት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ እሷ ከሞተች ከ41 ዓመት በኋላ።

እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ስለ ሴትነት ብቻ አይደለም፤ እሱም አለበት፣ ከተማችንን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ከወንዶቹ ጋር ስጫወት «አንቺ ወደ ቤት!» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። የበለጠ የነካኝ ግን የፋብሪካው ነገር ነው። ማሽን ሥር የዋሉ ሰዎች፣ እጃቸው ዘይት የነካው፣ ከሥራ ወጥተው ኳስ የሚጫወቱ። እኔ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። አባቴ ሲያወራልኝ ያደግኩት ስለ እነሱ ነው።

የኮተንን ነገር የዛሬ ልጆች ስለማያውቁት ልጻፈው። ክለቡ በአገራችን ሊግ በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተንን ማሊያ ለብሶ ተጫውቷል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ጋና ዋና ከተማ አክራ ላይ ተገናኙ፤ ከአራቱ አንዱ የድሬዳዋ ኮተን ነው። በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫው የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ሆነ። ዛሬ ከድሬ ወጣቶች ግማሹ የሻምፒዮንስ ሊግን የሩብ ፍጻሜ ድልድል በቃሉ ይነግርሃል። በአፍሪካ የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ የራሱ ሰፈር ቡድን እንደነበረ ግን የነገረው የለም። ልጆቹን አልወቅስም። የት ሄደው ያዩታል? የትኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል?

አክራ ስል አንድ ሌላ ስም ትዝ አለኝ፤ አርተር ዋርተን። በዚሁ የክብር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2003 የገባ በረኛ ነው፤ የተወለደው አክራ፣ እ.ኤ.አ. በ1865። በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል ተጫዋች ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1930 ሲሞት መቃብሩ ላይ ስም እንኳ አልተጻፈለትም፤ ድንጋዩ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያውም የታሪኩን ፍለጋ የጀመሩ ጥቂት ሰዎች ስለተነሱለት። ይህን ሳነብ ሀዘኔ ትንሽ ቀለለ። ለካ እንግሊዞቹም ሲረሱ ኖረዋል። ለካ አንድ ሰው ተነስቶ ከጠየቀ ዘግይቶም ይሆናል።

ለድሬዳዋ መስታወት የለበሰ ሕንፃ አልመኝም። አንድ ክፍል ይበቃል። እኔ ብጠየቅ ከዚራ ሰፈር ያለውን የድሮውን ባቡር ጣቢያ ነው የምመርጠው። ከተማዋን የፈጠራት ባቡሩ ነው፤ ሰውም ወደዚያ ግቢ ሲገባ ደስ ይለዋል፣ ጥላም አለው። እዚያ የኮተን፣ የምድር ባቡር፣ የሲሚንቶ ተጫዋቾች ፎቶ በየተራ ቢሰቀል፣ የ1968ቱ ጨዋታዎች ውጤት ቢጻፍ፣ የትኛው ልጅ ነው ቆሞ የማያነብ? ለሴት ተጫዋቾቻችንም ቦታ ከአሁኑ ይተውላቸው፤ ሊሊ ፓር እስክትታወስ የወሰደውን ያህል አይጠብቁ።

ከተመለስኩ በኋላ የአባቴን ሳጥን ከፈትኩ። አንድ የቡድን ፎቶ አለ፤ ቆመው ከኋላ፣ ተንበርክከው ከፊት፣ መሀል ላይ ኳስ። ከጀርባው ምንም አልተጻፈም። አባቴ ሁሉንም በስም ይጠራቸው ነበርና መጻፍ አላስፈለገውም። ፎቶውን ይዤ የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ሦስቱን ወዲያው ጠሩልኝ፤ አንዱን «ይሄ ልጅ፣ ይሄ ልጅ…» እያሉ ቆዩና አልመጣላቸውም። «እኔ ዘንድም ሙሉ አልበም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ደቻቱ ወሰደው።» በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማታ የመጣውን ጎርፍ ማለታቸው ነው። ያ ጎርፍ ስንት ሰው እንደበላ የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ ከሰው ጋር ስለሄደው ፎቶ ማንም አልጠየቀም፣ ሊጠየቅም አይችልም ነበር። አሁን ግን መጠየቅ አለበት። እሳቸው ዘጠና እየተጠጉ ነው። የጠፋው አልበም አይመለስም፤ ስሞቹ ግን ገና እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ አሉ።

ስለዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት እሳቸው ቤት እሄዳለሁ። ደብተር ይዣለሁ። የሚያስታውሱትን በስልኬ እቀዳለሁ፣ ማታ ቁጭ ብዬ እገለብጣለሁ። ባለፈው የአንድ በረኛ የቤት ስም አስታወሱና እንደ ልጅ ሳቁ። ልጄም ከማንቸስተር ሆኖ ፎቶውን አጥርቶ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል።

ይህን የምታነቡ የድሬ ልጆች፣ ሳቢያንም ሁኑ መጋላ፣ ጅቡቲም ሁኑ ቶሮንቶ፣ እናታችሁ ቤት ሳጥን ውስጥ የቡድን ፎቶ ካለ አውጡት። ለእኔ መላክ የለባችሁም። የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ፈልጉና የተጫዋቾቹን ስም ጠይቁ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። ከጀርባው በእርሳስ ጻፉት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል፣ ፎቶውን ያበላሻል።