«ካልዮ» የሚል ዳኛ በሌለበት

ስድስት ዓመት ቴኳንዶ ሠርቻለሁ። እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከትምህርት መልስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቀበቶ በቀበቶ እያልኩ ወጣሁ። ጥቁሩን ያሰርኩ ቀን እናቴ ዳቦ ደፍታ፣ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። ስለዚያ ዘመን ብዙ አልተርክም፤ ጥሩ ጊዜ ነበር። የምጽፈው ስለ አንድ የሐምሌ ምሽት ነው። ጠቡ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላም። መዘዙ ግን ወራት ፈጀ። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ።

የማሠልጠኛችን በር ላይ «ለጤና፣ ለሥነ ምግባር፣ ራስን ለመከላከል» የሚል ተጽፏል። ለሁለቱ እመሰክራለሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ልጆቻችን ሙሉውን ሊሰሙ ይገባል።

ከምሽቱ 1፡30 ገደማ ነው። በጊዮርጊስ በኩል ወደ ጣና ወርጄ፣ የሐይቁን ዳር ይዤ በእግሬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የመንገዱ ድንጋይ ያንሸራትታል። መብራት ጠፍቷል። ሦስት ልጆች ከዛፍ ሥር ወጡ። አንዱ «ወንድም፣ ሰዓት ስንት ነው?» አለኝ። እኔም ሞባይሌን ከኪሴ አወጣሁ። ሌላው መንትፎኝ ሮጠ።

ያኔ መተው እችል ነበር። ሞባይል ነው፤ ሲም ካርዱን ይተኩልኛል። እኔ ግን ስድስት ዓመት የለፋሁት ለዚህች ቀን መሰለኝ።

ተከትዬ ዶልዮ ቻጊ ሰነዘርኩ፤ በጎን የሚዞረውን ርግጫ። አዳራሽ ውስጥ ጭንቅላት ላይ ነው የማሳርፈው። እዚያ ግን ሃያ ደቂቃ አሟሙቄ፣ ሰፊ ሱሪ ለብሼ፣ በባዶ እግሬ ነው። እዚህ ጠባብ ጂንስ ለብሻለሁ፣ ቦርሳ ተሸክሜያለሁ። እግሬ ከልጁ ጭን በላይ አልወጣም። የቆምኩበት እግር ተንሸራተተና በጉልበቴ ወደቅሁ። ልጁ ሞባይሌን ይዞ ጨለማው ውስጥ ገባ። ወዲያው አንድ ሰው ከኋላዬ ማጅራቴን በቡጢ አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ስለ ስፖርቱ ልናገር። እኛ በምንጫወተው የወርልድ ቴኳንዶ (የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን) ሕግ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ከወገብ በታች መርገጥ ክልክል ነው። ተጋጣሚን መያዝ ያስቀጣል፣ መውደቅም ያስቀጣል። ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። የሚገጥመኝ አንድ ሰው ነው፣ ኪሎው ከኪሎዬ ጋር የሚቀራረብ፣ ከፊት ለፊቴ የቆመ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ ልጆች ሳይጎዱ እንዲወዳደሩ የወጣ ሕግ ነው። ግን ሰውነት የለመደውን ነው የሚያደርገው። እኔ እጄን ዝቅ አድርጌ መቆም ለምጃለሁ፣ ምክንያቱም ፊቴን በቡጢ የሚመታ የለም። ከኋላ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ወድቆ መነሣትን አንድም ቀን አልተለማመድኩትም፣ ምክንያቱም የወደቀ ይቀጣል።

ቦክሰኞች ጓደኞቼ «የእኛው ይሻላል» ይሉኛል። ፊትን በመጠበቅ ልክ ናቸው። ነገር ግን እነሱ የሰው ጭንቅላት የሚመቱት እጃቸውን በፋሻ ጠቅልለው፣ ጓንት አጥልቀው ነው። በባዶ እጅ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገራችሁ።

ተነሣሁና ዞርኩ። ከፊቴ አንድ ልጅ ቆሟል። ግንባሩን በቡጢ መታሁት። ከትንሿ ጣቴ በታች ያለው አጥንት ሲሰበር ተሰማኝ፤ ደረቅ ጭራሮ እንደሚሰበረው። ልጁ ወደቀ። በጎኑ ተጠቅልሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እዚያ ላይ አልቆ ነበር። ሦስተኛው ልጅም ሸሽቷል። መንገዱ ክፍት ነው። እኔ ግን የተኛውን ልጅ ጎኑን ረገጥኩት።

ይህችን ርግጫ ስንት ሌሊት አስቤያታለሁ። ክፉ ሰው ሆኜ አይመስለኝም። ውድድር ላይ ተጋጣሚ ሲወድቅ ዳኛው እጁን በመሃል ዘርግቶ «ካልዮ!» ይላል። ተላቀቁ ማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያስቆመኝ ያ ድምፅ ነው። ራሴን በራሴ ማቆም ማንም አላስተማረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጣና ዳር «ካልዮ» የሚል አልነበረም። ጆሮዬ ውስጥ የሚሰማኝ የልቤ ምት ብቻ ነው።

ሰዎች የደረሱት ያኔ ነው። ሞባይሌ ሲነጠቅ ያየ የለም። ማጅራቴን ስመታ ያየ የለም። ያዩት፣ አንድ ጎረምሳ መሬት ላይ የተኛ ልጅ ሲረግጥ ነው። ሽማግሌ ዓሣ ሻጭ «ኧረ በእግዚአብሔር፣ ልትገለው ነው እንዴ?» አሉኝ። አፍሬ ምንም ሳልናገር ሄድኩ።

ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ቤት ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት እጄ አብጦ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ራጅ ተነሣሁ፤ በጀሶ ታሰርኩ። ስለ ሞባይሉ አመለክታለሁ ስል ነገ ዛሬ አልኩ። ልጁ ግን በዚያችው ሌሊት በቤተሰቡ ተደግፎ ጣቢያ ሄዷል። አንድ ጎድኑ ተሰንጥቋል፣ የሕክምና ማስረጃ አለው፣ ሁለት ምስክር አለው። እሱ የግል ተበዳይ ሆነ፤ እኔ ተጠርጣሪ።

አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከቤቴ ወሰዱኝ። መርማሪው ቃሌን ሲቀበል መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሞባይሉ አይደለም። «ጥቁር ቀበቶ አለህ አሉ?» ነው ያለኝ። «አዎ፣ ሳጅን» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጦ «እጅህን ለምን አላስመዘገብክም?» አለኝ። ጥቁር ቀበቶ ያሰረ ሰው እጁን እንደ መሣሪያ ማስመዝገብ አለበት የሚለው የሰፈር ወሬ ነው። የወንጀል ሕጋችን ውስጥ እንዲህ የሚል አንቀጽ የለም። ሕግ አስከባሪ ነኝ ከሚል ሰው ስሰማው ደሜ ፈላ። ስለ ሞባይሉ ስነግረው ደግሞ «ታዲያ በሰዓቱ ለምን አላመለከትክም?» አለኝ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም።

ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። እኔ የቀረብኩት ሰኞ ጠዋት ነው። «ቅዳሜና እሁድ ማን ችሎት ያስችልልሃል?» ተባልኩ። በጀሶ የታሰረ እጄን አቅፌ ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ አደርኩ። እናቴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ ይዛ መጣች። በፍርግርጉ በኩል እጄን አይታ ምንም አላለችኝም። ያ ዝምታ ከሲሚንቶው ይከፋል።

ሰኞ አጎቴ ዋስ ሆኖ አስወጣኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ያነበብኩት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ያለ ወይም የማይቀር መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከነገሩ ሁኔታ ጋር መመጣጠን አለበት። አንቀጽ 79 ከመጠን ስላለፈ ሰው ነው። ፍርድ ቤት ቅጣቱን ያቀልለታል፣ በድንጋጤ ካደረገው ደግሞ ጭራሹን ሊተውለት ይችላል። ሁለቱን አንቀጾች ለማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያዋ ቡጢዬ 78 ውስጥ ትገባ ይሆናል። ርግጫዋ ግን በምንም አትገባም።

ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ። የሕክምናውን ወጪ ከፈልን፣ ካሳ ጨመርን፣ ልጁም አቤቱታውን አነሣ። እርቁ ላይ ልጁ «እኔ አልመታሁህም» አለኝ ዐይኔን እያየ። ማጅራቴን ያለኝ እሱ ይሁን ሌላኛው እስከ ዛሬ አላውቅም። ዞሬ ያገኘሁትን ነው የመታሁት።

አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው እንዲህ ነው። ሞባይል ከጠየቁህ ስጣቸው። መንገድ ካለ ሩጥ፤ ለስድስት ዓመት የገነባኸው ትንፋሽ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምህ ያኔ ነው። ብዙ ሰው «ሌባ!» ብለህ ጩህ ይላል። እኔ አልስማማም። መንጋ ይሰበሰብና ልጁን ይገድለዋል፣ ወይም አንተን በስህተት ይደበድብሃል። «ኧረ የሰው ያለህ!» በል፣ ሰው ይመጣል፣ ምስክርም ይኖርሃል። ከተማታህ ደግሞ እጅህ ቢደማም በዚያው ሌሊት ጣቢያ ሂድ። የሞባይልህን ካርቶን አትጣል፤ መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ።

ቴኳንዶን አልተውኩም። ተመትቶ አለመደንገጥን፣ ርቀትን መለካትን ያስተማረኝ እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንንሾቹን አሠለጥናለሁ። በወር አንድ ቀን በጫማና በጂንስ፣ ሣር ላይ እንሠራለን። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እጁን ከፍቶ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዞሮም ኋላውን ያያል። እኔ «ካልዮ» አልልም። ራሳቸው ይበሉት።

ያ የረገጥኩት ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ከፓፒረስ እስከ ፔዳ ሳላውቅ የእሱ ላይ ተሳፈርኩ። በመስታወቱ አየኝ። ዝም ብለን ሄድን። ስወርድ ሂሳብ አልቀበልም አለ። ወንበሩ ላይ አስቀምጬለት ወረድኩ።