በራሪ ወረቀቱን ትቼ ደጀ ሰላም ስሄድ

ድሬዳዋ ውስጥ የቤት ሠራተኞችን ለማደራጀት በጠራነው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ሦስት ሰው መጣ። ከሦስቱ አንዷ ማስቲካ ሻጭ ነበረች። የገባችው ፀሐዩን ሸሽታ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ የጻፍኩት በራሪ ወረቀት «መደብ»፣ «ብዝበዛ»፣ «ንቃት» በሚሉ ቃላት የታጨቀ ነበር። ጉዳዩ ግን እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አያቅፍም፤ ለብቻው ደንብ ይወጣል ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ የእረፍት ቀኗን የሚወስነው የእትዬ ጠባይ ነው።

ከቀሩት አንዷን ቀፊራ ገበያ አገኘኋትና ለምን እንዳልመጣች ጠየቅኳት። «ሐሙስ ከሰዓት ማን ያስወጣኛል ወንድሜ? ማርያምን ልሳለም ብል ግን እትዬ እምቢ አትልም። ኃጢአት ትፈራለቻ!» አለችኝ።

አቦ! እኔ ወር ሙሉ የተጨነቅኩበትን እሷ ቲማቲም እየመረጠች ፈታችው።

ያደግኩት ግራ ዘመም አጎቶቼ ቤት ነው። ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው ሲባል እየሰማሁ። የሚገርመው፣ እነሱ በኩራት በሚያወሩለት በ1966 ዓ.ም. ከታዩት ታላላቅ ሰልፎች አንዱ የሃይማኖት እኩልነት ሰልፍ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም የነፍስና የሥጋ ጥያቄ አይነጣጠልም እያሉ ሲያስተምሩ ኖረው በ1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ይሄን ከአጎቶቼ አልሰማሁም።

እሁድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጁ ላይ መቆም ጀመርኩ። ወረቀት አልያዝኩም። ሠራተኞቹ ልጆች ወደ አሠሪዎቻቸው ቤት ከመሮጣቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ትገኛለች። ስለ መብት አላወራንም፤ «ይጠራቀምልሽ» ተብሎ እትዬ እጅ ስለሚቀር ደመወዝ ነው ያወራነው። ሁሉም ልብ ውስጥ ያለው እሱ ነበር። አንድ ቄስ ቆመው ሲሰሙን ቆዩና በሌላ እሁድ ከያዕቆብ መልእክት የተያዘ ደመወዝ እንደሚጮህ ሰበኩ። እትዬዎቹም እዚያው ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው። በዚያው ሳምንት ሁለት ልጆች የተጠራቀመ ገንዘባቸውን ተቀበሉ። በወረቀቴ ይሄ አይሆንም ነበር።

ለሙስሊሞቹ ልጆች ያው መላ አልሠራም። አርብ እንዲያውም የምሳው ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። መንገዱ የተገኘው አንዲት ኡስታዛ ለሴቶች በምታስቀራው ቂርአት፣ በሃይማኖት ትምህርቱ በኩል ነው። ሠራተኛን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን ሐዲስ እኔ ሳልጠይቃት ራሷ አነሳችው።

አንድ ጓደኛዬ «ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው ይላል፣ ምን እያደረግክ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ። አንቀጹን እኔም እወደዋለሁ። ግን የሚለያየው መንግሥትንና ሃይማኖትን ነው እንጂ አማኝንና ፍትሕን አይደለም። ደግሞም ማንንም ምረጡ አላልንም።

የከበደኝ ሌላ ነው። እኚያው ደግ ቄስ በሌላ እሁድ «አሠሪዎቻችሁን ታዘዙ» ብለው ሰበኩ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ደጁን እንዳልነጠቅ ፈርቼ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ አንዷ ልጅ የቤቱ ወንድ ልጅ ማታ ማታ በሯን እንደሚገፋ ነገረችን። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። የቤቱ ስም እንዳይጠፋ፣ በእርቅ ይለቅ። ደመወዝ ላይ የረዱን ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት። ልጅቷን ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። የጠየቀቻት ኡስታዛዋ ናት። በልጆቹ በኩል ሰምታ መጣችና ለብቻዋ ወስዳ አነጋገረቻት።

ልጅቷ ማተብ አንገቷ ላይ፣ ኡስታዛዋ ጥቁር ሂጃብ ለብሳ፣ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ገቡ። እኔ ውጪ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው።