ሜዳ ላይ ማንሾካሾክ አይቻልም

በአብዛኞቹ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ መማር የሚጀመረው 7ኛ ላይ ነው። ከጁባ፣ ከሞቃዲሾ ወይም ከአስመራ የመጣች የ12 ዓመት ልጅ ክፍልፋይ ደምራ ቀንሳ ብታሳይም፣ አማርኛ ስለማትሰማ ብቻ ከ8 ዓመት ልጆች ጋር ልትመደብ ትችላለች። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አይገባም፣ ታፍራለች፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ትቀራለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 በአንደኛ ደረጃ ከዜጋ እኩል የመማር መብት ሰጥቷታል። አዋጅ ግን ፊደል አያስቆጥርም።

ለእንዲህ ዓይነቶቹ ልጆች ኳስና ቋንቋ እናስተምር የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ይነጣጥሏቸዋል። መጀመሪያ ክፍል፣ ከዚያ «ጎበዝ ከሆናችሁ» ኳስ። ኳሱ ከረሜላ ይሆናል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ አዲስ ቋንቋ የምትሞክር ልጅ ግን ታንሾካሹካለች፤ ቃሉን ብታውቀውም የሚሰማት የለም። ሜዳ ላይ 15 ሜትር ርቃ ለቆመች ልጅ «አቀብዪኝ!» የሚባለው በጩኸት ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ ብትጮህ ነውር የማይሆንበት ቦታም እሱ ነው። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ማለት አፍራ ሁለት ፌርማታ አልፋ የምትወርድ ልጅ የጎደላት ቃል ሳይሆን ድምፅ ነው። ስለዚህ ዋናው የቋንቋ ክፍል ሜዳው ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው አጋዥ ነው።

ሜዳውን ለቋንቋ የሚያመቸው ሌላም ነገር አለ። አማርኛ ሴትን ሲያዝ የመጨረሻውን ድምፅ ይቀይራል። ስጥ ስጪ፣ ሂድ ሂጂ፣ ምታ ምቺ፣ ተመለስ ተመለሺ፣ ያዝ ያዢ፣ ሸፍን ሸፍኚ፣ አቀብል አቀብዪ ይሆናል። እኛ ሳናስበው የምንለውን ይህን ነገር ደብተር ላይ በሠንጠረዥ ማስተማር ልጆቹን ያደክማል። ሜዳ ላይ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ መቶ ጊዜ ይሰሙታል። ሶማልኛ ሲያዝ ወንድና ሴት አይለይም፣ ኑዌርኛም አይለይም፤ ስለዚህ ከሰፈር ወንዶች አፍ የለቀሙትን «ስጠኝ» እርስ በርሳቸው ይባባሉታል። ትግርኛ ይለያል፣ ድምፁን ግን አይቀይርም፤ ከአስመራ የመጣችው ልጅ «ውሰጂ» እንደማለት «ውሰዲ» የምትለው ለዚህ ነው። እሷ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። አሰልጣኟ «ሂጂ!» ስትላት የምትሰማው የራሷን «ሕጂ» ነው፤ ትርጉሙም «አሁን» ነው። አሰልጣኟ አንቺ ከሆንሽ፣ ቆማ ብታዪያት ሰነፍ አይደለችም፣ «አሁን ምን?» እያለች ነው። እጅሽን ዘርግተሽ አቅጣጫውን አሳዪና አብረሽ ተናገሪ።

አሁን ወደ ዝግጅቱ። የሚመች ቁጥር 24 ልጅ ነው፤ 12 ስደተኛ፣ 12 የሰፈሩ ልጆች። ስደተኞች ብቻ ከሆኑ አማርኛ የሚሰሙት ከአሰልጣኟ አፍ ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከበዙ ደግሞ ኳሱን ይዘውት ይቀራሉ። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 14 ይሁን። አዋቂ ሴቶች ቢያንስ 2 ያስፈልጋሉ፤ አንዷ ልጅ ብትጎዳ አንደኛዋ እሷንና አንዲት ጓደኛዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ከቡድኑ ጋር ትቆያለች። አንድ አዋቂ ከአንዲት ልጅ ጋር ለብቻ የሚሆንበት ጊዜ ጨርሶ አይኑር።

ኳስ 8 ይበቃል፣ ለሦስት ልጅ አንድ። ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች 4 ቁጥር ይግዙ፣ 5 ቁጥሩ ለትልልቆቹ ነው። ኳስ የለመደ እግር ለሌላት ልጅ 5 ቁጥር መስጠት አውራ ጣቷን ማሳመም ነው። ከፓምፑ ጋር መርፌ 4 ይግዙ፤ ሳይረጥብ ሲገባ ወይም ሲጣመም ይሰበራል፣ ቫልቩንም ይዞት ይሄዳል። ምራቅ ይበቃዋል። ለኮን ገንዘብ አታውጡ። 20 የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልቶ መደርደር ያው ነው፤ ነፋስም አይጥለውም። በሁለት ቀለም 12፣ 12 የላይ መለያ ያስፈልጋል። ታኬታ አያስፈልግም፤ በደረቅ መሬትና በአስፋልት ላይ ቁርጭምጭሚት ያስጠመዝዛል። ሸራ ጫማ ይሻላል። (ለጋሾች ዓርማቸው የታተመበትን ቲሸርት ከኳስ በፊት ያመጣሉ። ተቀበሉ፣ ግን 200 ቲሸርትና 2 ኳስ ይዛችሁ እንዳትቀሩ።)

ሂጃብ የሚለብሱ ልጆች ላይ የሚከለከለው ስፒል ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ በራስ መሸፈኛ መጫወትን በ2014 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል፤ አሰልጣኝ «አይፈቀድም» ካለ የድሮውን እያወራ ነው። በላስቲክ የሚጠለቅ፣ ጫፉ ማሊያ ውስጥ የሚገባ ይሁን። ታይት ከቁምጣ ሥር መልበስ ለሁሉም ይፈቀድ፤ ያኔ የተለየች አትኖርም።

ልጆቹን ከልምምድ የሚያስቀራቸው ሞዴስ ማጣት ነው። በየወሩ አራት አምስት ቀን የምትቀር ልጅ ትምህርቱ ይቆራረጥባትና በመጨረሻ ትተዋለች። በእያንዳንዱ ልምምድ 2 ፓኬትና 3 ጥቁር መለወጫ ቁምጣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ በካርቶን ይቀመጥ። አሰልጣኟ እጅ ላይ ከሆነ የሚጠይቅ የለም፣ በሰልፍ ከታደለ ደግሞ ጭራሽ። ካርቶኑን በየሳምንቱ መሙላት ነው፤ ማን ወሰደች ብሎ መቁጠር አያስፈልግም።

እናቶች ልጃቸውን እንዲልኩ ሲጠየቁ መልሰው የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ አሰልጣኟ ማን ናት፣ ልጄ ምን ትለብሳለች፣ ስንት ሰዓት ትመለሳለች። ሦስቱንም ቤታቸው ሄዶ በሚሰሙት ቋንቋ መመለስ ስብሰባ ከመጥራት ይበልጣል። ሰዓቱ ላይ አትዋሹ። 10 ሰዓት ጀምሮ 11:30 የሚያልቅ ልምምድ ሳይመሽ ያስገባል። በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ልጆች በቡድን ይመለሱ፤ የታክሲ የሚያስፈልጋት ካለች ከበጀቱ መጀመሪያ ላይ ይያዝላት፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ «ታመምኩ» የሚሉት ሳንቲም ሲያጡ ነው። ፎቶ ደግሞ ፊት የሚያሳይ አይለጠፍ። አገር ቤት የቀረ ዘመድ ያላቸው ቤተሰቦች በዚህ ላይ የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያው ትምህርት ሰላምታ እንዳይሆን፣ ሰዓት ይሁን። በውጭ አቆጣጠር ያደገች ልጅ «ቅዳሜ 9 ሰዓት» ሲባል ጠዋት መጥታ ዝግ በር ታገኛለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ስላችሁ፣ በላዩ የኛን በታች የነሱን ጻፉ፣ 6 መደመርና መቀነስ አስለምዷቸው። ለሳምንቱ ቀናት መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ጠመኔ አንሥቶ ሰኞ ማክሰኞ መጫወት ይበቃል።

90 ደቂቃው እንዲህ ይከፈላል፤ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 30 ደቂቃ ቋንቋ፣ 40 ደቂቃ ኳስ፣ 10 ደቂቃ ማጠቃለያ። ቋንቋው መጀመሪያ ላይ ከሆነ ውኃ ቀድተው፣ ታናሽ አድርሰው የሚመጡት ያመልጣቸዋል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ማንም አይቀመጥም። በአንድ ቀን 8 አዲስ ቃል፣ ከነሱ 6ቱ ግሥ። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን 16 ነው፤ በ12 ሳምንት ውስጥ በየአራተኛው ሳምንት ክለሳ ብቻ ካደረጋችሁ 144 ቃል ይቀራችኋል። ጥቂት ይመስላል። ግን 144 የምትጮኽባቸው ቃላት 500 ከምትገለብጣቸው ይሻላሉ።

በ40 ደቂቃው ውስጥ ከሁሉም የሚጠቅመው መሀል ባልገባ ነው። 8 በ8 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በጠርሙስ ይከለላል፣ አምስት ልጆች ዙሪያውን አንዷ መሀል። ለ24 ልጅ አራት ሜዳና አራት ኳስ ነው። ሕጉ አንድ ነው። ከማቀበል በፊት ስም መጥራትና ማዘዝ፤ «ሃዋ፣ ያዢ!»፣ «መልሺልኝ!»፣ «ልቀቂ!»። ዝም ብላ ያቀበለች መሀል ትገባለች። ተሳስታ የጮኸች አትገባም፤ አሰልጣኟ ትክክለኛውን ጮክ ብላ ትደግመውና ጨዋታው ይቀጥላል። ይህን ገልብጣችሁ ስህተትን ከቀጣችሁ በሦስተኛው ቀን ሜዳው ጸጥ ይላል። በየ4 ደቂቃው ቡድኑን በዝርዝር ለዋውጡ፤ ካልሆነ ትግርኛ ተናጋሪዎቹ አንድ ጥግ፣ ሶማልኛ ተናጋሪዎቹ ሌላ ጥግ ይሰበሰባሉ። በራሳቸው ቋንቋ ማውራትን ግን አትከልክሉ፤ ግዴታው ከኳስ ጋር የሚባለው ቃል ላይ ብቻ ይሁን። ደግሞ ሁለት ቋንቋ የምትችለውን ልጅ አስተርጓሚ አድርጋችሁ አታስቀሯት። በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ ካስተረጎመች ያን ቀን አልተጫወተችም።

የድምፅ ልምምድም እዚሁ ይሠራል። ጠ፣ ጨ፣ ጰ የሌሉበት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች «ኳሷ መጣች» ሊሉ «መታች» ይላሉ። ወረቀት ቁራጭ ከንፈር ፊት ይዞ «መጣ»ን ያለ ትንፋሽ ማለት ይረዳል፤ ወረቀቱ ብዙ መንቀሳቀስ የለበትም። ላልቶና ጠብቆ የሚነበበውን ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ተዉት። «ዋና አሰልጣኝ» የቡድን አለቃ ነው የውኃ ዋና አስተማሪ የሚለው ለኛም ከጽሑፉ አይለይም።

ፊደል ላይ ሁለት ቡድን ያስፈልጋል። ከኤርትራ በትግርኛ ተምረው የመጡት ፊደሉን ያውቁታል፤ ከሀ ሁ ማስጀመር መናቅ ነው፣ ለነሱ ንባብ ስጡ። ሶማልኛና ኑዌርኛ የሚጽፉት በላቲን ስለሆነ ለእነዚያ ልጆች ሁሉም አዲስ ነው። 33ቱን በሰባት አባዝቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ያስደነግጣል። በ ለ ሰ ከ ብቻ ያዙ፤ ቡ ሉ ሱ ኩ፣ ቢ ሊ ሲ ኪ እያሉ ምልክቱ ከጎን፣ ከእግር፣ ከቀለበት እንደሚመጣ ይታያቸዋል። ችግሩ ልጆቹ መጀመሪያ መጻፍ የሚፈልጉት «ኳስ» እና «ሩጪ» መሆኑ ነው፤ ኳ ከሰባቱ ውጪ ናት፣ ሩ ደግሞ ከጓደኞቿ አትመስልም። ኳስን እንደ ሥዕል ይገልብጡት፣ አታስረዱ።

ሜዳው የማያስተምረው ነገር አለ፣ እሱም አክብሮት ነው። ከሜዳ አማርኛ የለቀመች ልጅ ርዕሰ መምህሯን «ማህተም ምቺልኝ» ልትል ትችላለች። ክፋት የላትም፣ ያስተማርናትን ነው ያለችው። በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች አንዷ ነርስ፣ አንዷ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆነው «ይስጡኝ»፣ «ይንገሩኝ»፣ «እባክዎ» ይለማመዱ። እርስዎ ላይ ወንድና ሴት ስለማይለይ ይቀላቸዋል። ቀሪው ደቂቃ ያለፈን ነገር ለመናገር ነው፤ እያንዳንዷ ስለ ጨዋታው አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ «ኳሷን አጣኋት»፣ «ግቢ ስትለኝ አልገባሁም»። ትእዛዝ ብቻ የምታውቅ ልጅ ዛሬ ምን እንዳጋጠማት ለማንም መንገር አትችልም።

«ፕሮሰስ ላይ ነን፣ ወደ ሌላ አገር እንሄዳለን፣ አማርኛ ምን ያደርግላታል? እንግሊዝኛ አስተምሯት» የሚሉ ወላጆች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፕሮሰስ ግን ዓመታት ይወስዳል፣ ልጅቷ ደግሞ የምትማረው ዘንድሮ ነው። ከ12 ዓመት በላይ ለሆኑት ከሁለቱ ቀናት አንዱን 30 ደቂቃ በእንግሊዝኛ አድርጉት፤ ለ7ኛ ክፍል ይጠቅማታል፣ ወላጅም ይረጋጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ የተወዳደሩትን ስደተኛ ስፖርተኞች እየጠቀሱ ኦሊምፒክ ቃል መግባትም አይገባም። ከዓለም ስደተኛ ሁሉ ያን ዓመት የተመረጡት 10 ነበሩ።

በረመዳን ሩጫ ይቁምና ቋንቋው ይቀጥል። በክረምት አዳራሽ ካልተገኘ በረንዳ ላይ ሱዚ ይሠራል፤ «ዝለዪ»፣ «ከፍ አድርጊ»፣ «ተራሽ ነው» ያው ቋንቋ ነው።

ፈተናው በ12ኛው ሳምንት ነው፣ በወረቀት አይደለም። እያንዳንዷ ልጅ የ5 ደቂቃ ጨዋታ ትዳኛለች። «ጀምሩ»፣ «ቁሙ»፣ «ውጪ ነው»፣ «የቀዮቹ ነው»፣ «እጅ ነው»፣ «ሰዓት አለቀ»፣ «ተጨባበጡ» ማለት ይጠበቅባታል። ብዙ ሰው በአንዴ ስታዝ ሴትና ወንድ ስለማይለይ ቃሉ ይቀላታል፤ የሚከብዳት የሰፈሩ ልጆች ሲከራከሯት ባለችው መጽናት ነው። አሰልጣኟ ከመስመር ውጪ ትቁም፣ ዳኛዋ ብትሳሳትም አታርማት። ፊሽካ 3 ይኑር፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያልፍ በሳሙና ይታጠብ።